አፕዴቱ ሲያስመርር፦ ለወሎ ዲዛይንና ህትመት ቤቶች የሶፍትዌር ምርጫ ንጽጽር

የመስከረም 21ዱ የግሸን ማርያም ንግሥ ሲቃረብ፣ መውሊድ ሲደርስ ወይም የጥር ሰርግ ሲደራረብ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ዲዛይን ቤቶች ፋታ የላቸውም። በዚህ መሀል ፎቶሾፑ ወይም ኢሉስትሬተሩ ራሱን አፕዴት አድርጎ ሲያድር ጠዋት የሚጠብቃችሁ የተለወጠ ሜኑ፣ የጠፋ ፎንት ወይም የሚንቀራፈፍ ኮምፒውተር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ እንቀይረው ወይስ እንታገሰው? ቀይሮ ከድጡ ወደ ማጡ የገባ ብዙ ነውና የሶፍትዌር ስም ከመምረጥ በፊት መመዘኛውን ማስቀመጥ ይሻላል። አዲስ ሶፍትዌር መልመድ የሳምንታት ጉዳይ ነው። ውሳኔውን የሚያከብዱት በሃርድ ዲስክ የተከማቹት የቆዩ ፋይሎችና የተሠሩባቸው ፎንቶች ናቸው።

ሳይቀየር የሚፈታ ብሶት

በብዛት የሚሰማው ምሬት ለመቀየር የሚያበቃ አይደለም። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ከወጣው እትሙ ጀምሮ ምስል ሲጎተት ስፋቱንና ቁመቱን ራሱ ያመጣጥናል። ድሮ ለዚህ ሲባል ይያዝ የነበረው ሺፍት አሁን ተቃራኒውን ይሠራል፤ የለመደ እጅ ሺፍት ሲይዝ የሙሽሮቹ ፊት ቀጥኖ ወይም ተለጥጦ ይወጣል። ኤዲት፣ ፕሪፈረንስስ፣ ጄኔራል ውስጥ «ዩዝ ሌጋሲ ፍሪ ትራንስፎርም» የሚለው ላይ ምልክት ሲደረግ ወደ ድሮው ይመለሳል። በዚያው እትም የተለወጠው ኮንትሮል ዜድም ኤዲት፣ ኪቦርድ ሾርትከትስ ውስጥ የድሮውን አሠራር የሚያስመርጥ ሳጥን አለው።

ሌሊት ሳይጠየቅ የሚጫነውን አፕዴት ለማስቆም በክሪኤቲቭ ክላውድ መተግበሪያ ፕሪፈረንስስ ውስጥ አውቶ አፕዴትን ማጥፋት ነው። አዲስ እትም ራሳችሁ ስትጭኑም «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ከፍታችሁ የቀደመውን እትም እንዲያጠፋ የሚያዘውን ምልክት አንሱ። ሁለቱ እትሞች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አስቸኳይ ሥራ በድሮው፣ ልምምድ በአዲሱ። የፎቶሾፕና የኢሉስትሬተር ሠሪው አዶቤ ለማውረድ የሚያቀርበው የቅርቦቹን ዋና ዋና እትሞች ብቻ ስለሆነ አንዴ ያጠፉትን የቆየ እትም መልሶ ማግኘት ላይቻል ይችላል።

የፎንት መጥፋት ደግሞ ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ ጣጣ ነው። ኒያላ ፎንት ከዊንዶውስ 7 ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ በዊንዶውስ 10 ግን አማራጭ ሆኗል። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብቶ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን በኢንተርኔት መጨመር ያስፈልጋል። ሌላም አለ። አዲሱ ዊንዶውስ ፎንት ስትጭኑበት በነባሪነት ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ይጭነዋል፤ አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ ይህን አያይም። በቀኝ ክሊክ «ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ» ማለት ብቻውን ብዙ ራስ ምታት ያድናል።

በማስተካከያ የማይመለሱም አሉ። አዶቤ ታይፕ 1 የሚባሉትን የቆዩ ፎንቶች መቀበል ያቆመው በጥር 2023 ነው። የፓንቶን ቀለም ስብስቦች በ2022 መጨረሻ ከፕሮግራሞቹ ሲወጡ እነዚያን ቀለሞች የያዙ ፋይሎች ሲከፈቱ ጥቁር ሆነው የታዩባቸው ጥቂት አይደሉም። የፎቶሾፕ 3ዲም ቀርቷል። ሥራችሁ በእነዚህ ላይ የቆመ ከሆነ፣ ወይም ክፍያውና ማሽኑ ካልቻለ፣ ያኔ ወደ ንጽጽሩ መግባት ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ፊደል ነው፤ ወሎ ላይ ደግሞ ፊደል አንድ አይደለም። ደሴ ውስጥ አንድ ባነር አማርኛና አረብኛ ጎን ለጎን ይይዛል፤ ከሚሴና ባቲ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጨመርበታል። ግዕዝና ቁቤ ለሶፍትዌር ቀላል ናቸው፤ ፊደሎቹ ስለማይያያዙ ዩኒኮድ (የየቋንቋው ፊደል የሚወከልበት ዓለም አቀፍ ኮድ) የሚያነብ ማንኛውም ፕሮግራም ያሳያቸዋል። አረብኛ ግን ከቀኝ ወደ ግራ መሄድና ፊደሎቹ መያያዝ አለባቸው። ይህን የማያውቅ ፕሮግራም እያንዳንዱን ፊደል ነጣጥሎ፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ አረብኛ የማያነብ ዲዛይነር ስህተቱን የሚሰማው ባነሩ ከተሰቀለ በኋላ ነው።

ከፊደል ሳንወጣ፣ ስለ ውፍረትም አንድ ነገር። ኒያላም ሆነ አቢሲኒካ ቦልድ የላቸውም። ፎቶሾፕና ኮረል በሰው ሠራሽ መንገድ ያወፍሯቸዋል፣ ኢሉስትሬተር ግን አያደርገውም፤ በዙሪያቸው መስመር መጨመር ግድ ይሆናል፤ መስመሩ ሲወፍር የ«ጨ» እና የ«ሐ» ክፍተት ይደፈናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም የተሟላ ቤተሰብ ስላለው፣ ነጻም ስለሆነ፣ ለርዕስ የትኛውንም ሶፍትዌር ብትመርጡ ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛው ሥራው የሚወጣበት ማሽን ነው። የባነር ማሽኖች ሪፕ በሚባለው ሶፍትዌር በኩል ቲፍ ወይም ፒዲኤፍ ተቀብለው ቀለሙን ራሳቸው ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም ወደ አራቱ የህትመት ቀለሞች፣ ይቀይራሉ፤ ስለዚህ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም) ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ለባነር አያሳፍርም። ኦፍሴት፣ በፕሌት የሚታተመው፣ ሌላ ነው። በአርጂቢ የተጻፈ ጥቁር ወደ ፕሌት ሲሄድ በ4 ቀለም ይከፋፈላል፤ ወረቀቱ በግማሽ ሚሊሜትር ከተንሸራተተ የሰርግ ጥሪው ትንንሽ ጽሑፍ ጥላ አበጅቶ ይወጣል። ኦፍሴት የሚልክ ሰው ጽሑፉን በጥቁር ቀለም ብቻ፣ መቶ በመቶ፣ ማስቀመጥ የሚያስችለው ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ለስቲከር መቁረጫና ለማህተም ሌዘር የሚፈለገው ደግሞ ንጹህ ቬክተር መስመር ነው፤ ፎቶ አይሆንም።

መጠንም እዚሁ ይገባል። 3 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ባነር በ100 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 100 ነጥብ) 11,811 በ3,937 ፒክስል ነው፤ በሲኤምዋይኬ አንዱ ሌየር 186 ሜጋባይት ገደማ ራም ይይዛል። ያንኑ በ300 ዲፒአይ ስትሠሩት ወደ 1.7 ጊጋባይት ይደርሳል። ከመንገድ ማዶ ለሚነበብ ባነር 100 ዲፒአይ፣ እንዲያውም 72፣ ይበቃል። «ኮምፒውተሬ አዲሱን ፎቶሾፕ አልቻለም» ከሚባለው ውስጥ ጥቂት የማይባለው መነሻው ይህ ነው። በተለመደው አሠራር የኢሉስትሬተር ሸራ ከ5.78 ሜትር፣ የፒዲኤፍ ገጽ ደግሞ ከ5.08 ሜትር ስለማያልፍ 6 ሜትር ባነር በ1 ለ10 ልኬት ሠርቶ ለማሽኑ ባለሙያ ልኬቱን መንገር ነው።

ሦስተኛው የቆየ ፋይል ነው፤ ኤአይ (የኢሉስትሬተር)፣ ሲዲአር (የኮረል) ወይስ ፒኤስዲ (የፎቶሾፕ)? አራተኛው ማሽን፣ ኢንተርኔትና መብራት። አምስተኛው ክፍያ፤ ስንት ነው ከሚለው እኩል በምን መንገድ ይከፈላል የሚለውም ያስጨንቃል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን በዶላር የሚከፈል ወርሃዊ ኪራይ በብር ቋሚ ወጪ አይደለም።

አዶቤ

እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አዲሶቹ እትሞች በኪራይ ብቻ ናቸው። ኢሉስትሬተር ብቻውን በአሜሪካ ዋጋ በዓመት ውል በወር ወደ 23 ዶላር ነው፣ በዓመት 276 ገደማ። ውሉን በደንብ አንብቡ፤ በወር እየከፈሉ የሚገቡበት የዓመት ውል ከ14 ቀን በኋላ ቢቋረጥ የቀሪውን ክፍያ ግማሽ ያስከፍላል፤ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በሰኔ 2024 አዶቤን የከሰሰው ይህን ቅጣት በግልጽ አያሳይም ብሎ ነው።

በአቅም የሚያማው የለም። አረብኛ በትክክል ይጽፋል፤ መጀመሪያ ግን ፕሪፈረንስስ፣ ታይፕ ውስጥ የመካከለኛው ምሥራቅ ቋንቋዎችን አማራጭ ማብራት ያስፈልጋል። ሲኤምዋይኬው ሙሉ ነው። ፎቶሾፕ በትንሹ 8 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፣ 16 ይመክራል፤ ባለ 4 ጊጋባይት ላፕቶፕ ይዞ ከአዲሱ እትም ጋር መታገል ጊዜ ማባከን ነው።

ክራክ የተደረገው ቅጂ እዚህ እንደ አማራጭ አልተቆጠረም። ሕጉን ለጊዜው ብንተወው እንኳ፣ ሲጫን አንቲቫይረስ አጥፉ ይላል፤ የደንበኛ ፍላሽ ቀኑን ሙሉ በሚሰካበትና በሚነቀልበት ቤት ያለ አንቲቫይረስ መቀመጥ የዓመታት ፋይል በአንድ ሌሊት እንዲቆለፍ መጋበዝ ነው። አንድ አፕዴት ሾልኮ ከገባም መክፈት ያቆማል፣ የሚጠየቅ ድጋፍ ሰጪም የለም።

ኮረልድሮው

ስቲከር ቆራጭና ማህተም ሠሪ ቤቶች ውስጥ ኮረል የሚወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ የመቁረጫ ማሽኖች ከውስጡ ሆነው ይታዘዛሉ፣ በትክክለኛ ልኬት መሥራት ይቀላል፣ ሲኤምዋይኬና አረብኛም ይችላል። በኪራይም በአንድ ጊዜ ግዥም ይሸጣል፤ በግዥ የተገኘው እትም ራሱን ስለማይለውጥ አፕዴት ላማረረው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአንድ ጊዜ ዋጋው ግን ለአነስተኛ ቤት ከባድ ነው።

ችግሩ የእትም ልዩነት ነው። በአዲሱ የተቀመጠ ሲዲአር በቆየው የኤክስ7 እትም አይከፈትም። ለሌላ ቤት ስትልኩ ሴቭ አዝ ውስጥ ካለው የእትም ዝርዝር የተቀባዩን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ኤክስ7 እዚያ ላይ 17 ተብሎ ነው የሚታየው። ኮረልን ትቶ የሚሄድ ሰው ደግሞ በፓወርክሊፕ የተከተቱ ፎቶዎች ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ሲበታተኑ ያገኛቸዋል።

አፊኒቲ

የእንግሊዙ ሰሪፍ የሠራው ነው። ካንቫ በመጋቢት 2024 ገዛው፤ በጥቅምት 2025 መጨረሻ የቬክተሩን፣ የፎቶውንና የገጽ አቀማመጡን ክፍል አንድ አድርጎ በነጻ ለቀቀው። ክፍያ ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎቱ ላይ ብቻ ነው። የካንቫ አካውንት ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ሲነቃም ኢንተርኔት። በዊንዶውስና በማክ ይሠራል።

ለኦፍሴት ካሉት ነጻ አማራጮች የሚሻለው ይህ ነው። ሲኤምዋይኬ ዶክመንት ይከፍታል፣ ጥቁር ጽሑፍን በአንድ ቀለም ያቆያል፣ ለህትመት የሚላከውን ፒዲኤፍ ኤክስ ያወጣል። ፒኤስዲና ፒዲኤፍ ይከፍታል፤ ኤአይ ደግሞ ውስጡ ፒዲኤፍ ካለው ብቻ። ሲዲአር አይከፍትም።

ሁለት ነገር አስቡበት። እስከ 2ኛው ትውልዱ ድረስ አረብኛ በወጉ አይጽፍም ነበር፤ ስለዚህ የያዛችሁትን እትም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በአንዲት የአረብኛ ቃል ፈትኑት። ካልተያያዘ ጽሑፉን ኢንክስኬፕ ላይ ጽፎ፣ ወደ መስመር ቀይሮ፣ በኤስቪጂ ማምጣት ነው። ሁለተኛው፣ የራሱ ፋይል በራሱ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ አዲሱ ያስቀመጠውን 2ኛው ትውልድ እንኳ አይከፍተውም። ዛሬ ነጻ የሆነው በባለቤቱ ፈቃድ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ሥራ የፒዲኤፍ ቅጂ ማስቀረት አይከፋም።

ኢንክስኬፕ፣ ስክራይበስና ጂምፕ

ሦስቱም ነጻና ክፍት ናቸው። ደሴ ላይ የወረደውን ጫኝ በፍላሽ ይዞ መካነ ሰላም ወይም ላሊበላ ላለ ባልደረባ መስጠት ፈቃዳቸው ራሱ የሚደግፈው ነገር ነው። የጫኙ መጠን በመቶዎች ሜጋባይት ነው፤ የአዶቤው ግን በጊጋባይት ይቆጠራል። አካውንት የለም፣ ራሱን የሚጭን አፕዴትም የለም።

ኢንክስኬፕ አረብኛ ላይ ከሁሉም ነጻዎች የታመነ ነው፤ ምንም ማብራት ሳያስፈልግ ያያይዛል፣ ያዞራል። ከ1.2 እትም ጀምሮ በአንድ ፋይል ብዙ ገጽ ይይዛል። በ4 ጊጋባይት ራም ይሠራል፤ ጥላና ብዥታ ሲበዛበት ግን ይንገታገታል። ለመቁረጫ ማሽን ዲኤክስኤፍና ኤችፒጂኤል ያወጣል። ጉድለቱ እስከ 1.4 እትም ድረስ ፒዲኤፉ አርጂቢ መሆኑ ነው።

የገጽ አቀማመጥ ፕሮግራሙ ስክራይበስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። 9 በ5 ሴንቲሜትር የሆነ ቢዝነስ ካርድ እንውሰድ። ኢንክስኬፕ ላይ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ጨምራችሁ፣ ማለትም 96 በ56 ሚሊሜትር፣ ሥሩት። ሁሉንም መርጣችሁ በሺፍት፣ ኮንትሮል፣ ሲ ጽሑፉን ወደ መስመር ቀይሩና በፕሌን ኤስቪጂ አስቀምጡ። ስክራይበስ ላይ ገጹን 90 በ50፣ ብሊዱን (የሚቆረጠውን ትርፍ) 3 አድርጋችሁ ፋይሉን አስገቡ። ኤዲት፣ ከለርስ ውስጥ የገባውን ጥቁር ከፍታችሁ ሞዴሉን ሲኤምዋይኬ፣ ኬ (ጥቁሩን) 100፣ ሌሎቹን 0 አድርጉ። የሌሎቹንም ቀለሞች እንዲሁ። ፒዲኤፍ ሲወጣ የቀለም ትሩ ላይ «ፕሪንተር» ምረጡ፤ «ስክሪን» ላይ ከተዋችሁት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ኢንክስኬፕ ላይ ያለ ብዥታ ወደ ስክራይበስ አይሻገርም፤ ጥላውን በፒኤንጂ አውጥቶ ለብቻው ማስገባት ይጠይቃል።

ጂምፕ ለፎቶ ነው። በመጋቢት 2025 የወጣው 3.0 በምስሉ ላይ የተደረገን ለውጥ ቆይቶ ማረም ያስችላል፣ ሲኤምዋይኬ ቲፍም ያወጣል። የፎቶሾፕን አቀማመጥና አቋራጭ ቁልፎች የሚያላብሰው ፎቶጂምፕ የሚባል ማስተካከያ ለሽግግሩ ይረዳል። በየደቂቃው ራሱ የሚያስቀምጥ ግን አይደለም፤ መብራት ከሄደ ከመጨረሻው ኮንትሮል ኤስ ወዲህ ያለው ሄደ። ኢንክስኬፕ በየ10 ደቂቃው ያስቀምጣል፤ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ወደ 3 አውርዱት።

ካንቫ፣ ፎቶፒያ፣ ፒክስልላብ

ለቴሌግራምና ለፌስቡክ ማስታወቂያ ናቸው። ካንቫ የራስን ፎንት መጫንና ሲኤምዋይኬ ማውጣት የሚፈቅደው ለከፋይ ብቻ ነው። ፎቶፒያ በብሮውዘር ፒኤስዲ ይከፍታል፤ ደንበኛ ያመጣውን ፋይል ለማየት ጥሩ ነው። ፒክስልላብ በአንድሮይድ ስልክ የግዕዝ ፎንት ስለሚቀበል ይወደዳል፤ የሚያወጣው ፎቶ ስለሆነ ለመቁረጫ አይሆንም፣ ለባነርም ይሰስታል።

ባጭሩ

| አማራጭ | አረብኛ | ለኦፍሴት | የቆዩ ፋይሎች | ያለ ኢንተርኔት | ክፍያ |
|---|---|---|---|---|---|
| አዶቤ | አዎ፣ ሲበራ | ሙሉ | ኤአይ፣ ፒኤስዲ | ለጊዜው ብቻ | ኪራይ በዶላር |
| ኮረልድሮው | አዎ | ሙሉ | ሲዲአር | ከነቃ በኋላ | ግዥ ወይም ኪራይ |
| አፊኒቲ | ይፈተን | ሙሉ | ፒኤስዲ፣ ኤአይ በከፊል | ከነቃ በኋላ | ነጻ |
| ኢንክስኬፕ ከስክራይበስና ጂምፕ ጋር | አዎ | በስክራይበስ በኩል | ኤአይና ሲዲአር በከፊል፣ ፒኤስዲ በጂምፕ | ሁልጊዜ | ነጻ |
| ካንቫ፣ ፎቶፒያ፣ ፒክስልላብ | አዎ | አይመከርም | ፒኤስዲ በፎቶፒያ | ፒክስልላብ ብቻ | ነጻና ከፊል ክፍያ |

ለማን የትኛው

ባነርና ቲሸርት ብቻ የምትሠሩ፣ ኮምፒውተራችሁም ከ8 ጊጋባይት በታች ከሆነ፣ ኢንክስኬፕና ጂምፕ ይበቋችኋል፤ ገንዘቡን ለዩፒኤስ አውሉት። የሰርግ ጥሪና ደረሰኝ ወደ ኦፍሴት የምትልኩ አፊኒቲን ይዛችሁ ለአረብኛው ኢንክስኬፕን አስቀምጡ። መቁረጫ ወይም ሌዘር ያለው ቤት ኮረሉን ባይለቅ ይሻላል፤ የያዘው እትም ማሽኑን እስካዘዘ ድረስ አዲስ እትም የሚያስገድድ ነገር የለም።

ሦስት አራት ኮምፒውተር ያለው ቤት በሁሉም ላይ አዶቤ መከራየት የለበትም። የደንበኛ ኤአይና ፒኤስዲ የሚከፈትበት አንድ ኪራይ፣ ሌላው በነጻዎቹ። ወሎ ወይም ወልድያ ዩኒቨርሲቲ እየተማራችሁ ሥራ የምትፈልጉ ግን ፎቶሾፕና ኢሉስትሬተርን ማወቅ አይቀርላችሁም፤ ቀጣሪ የሚጠይቀው በስማቸው ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለደብር ወይም ለመስጊድ የቴሌግራም ገጽ ስልኩ ላይ ያለው ፒክስልላብ በቂ ነው።

ፋይሎቹን ማሻገር

የድሮው ፕሮግራም እየሠራ ሳለ የሚሠራ ነው። ተደጋግመው የሚታዘዙትን ሥራዎች፣ አርማዎችን፣ የደረሰኝ ቅጾችን፣ የጥሪ ወረቀት ንድፎችን፣ ለዩ። ሺህ ፋይል ሁሉ አይሻገርም፤ አያስፈልግምም።

ከኢሉስትሬተር ስታስቀምጡ «ክሪኤት ፒዲኤፍ ኮምፓቲብል ፋይል» ምልክት መደረጉን አረጋግጡ፤ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚያነቡት ያንን ክፍል ነው። ከኮረል ደግሞ ሲዲአሩን ራሱን ከመውሰድ ይልቅ በፒዲኤፍ ማውጣት ይሻላል። ከእያንዳንዱ ሁለት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ጽሑፉ የሚታረም፣ ሌላው ወደ ከርቭ (መስመር) የተቀየረ። የአርማዎቹን የሲኤምዋይኬ ቁጥር በጽሑፍ ያዙ፤ አዲሱ ፕሮግራም ሲከፍታቸው ትንሽ ሊያዛባቸው ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው የቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ናቸው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት የዘለቁት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ 2000 ያሉት፣ የግዕዙን ቅርጽ የሳሉት በላቲን ፊደልና ምልክት ቦታ ላይ ነው። ፋይሉ ውስጥ «ደሴ» የሚል ጽሑፍ የለም፤ ያለው ፎንቱ ሲለብሰው «ደሴ» መስሎ የሚታይ የላቲን ኮድ ነው። ፎንቱ ከሌለ ወይም አዲሱ ፕሮግራም ሌላ ከተካ ዝብርቅርቅ ይወጣል፤ ፎንቱን ወደ ኖቶ መቀየርም አያድነውም። የማይለወጥ ጽሑፍ ከሆነ ወደ ከርቭ ቀይሮ መገላገል ነው። ስምና ቀን የሚቀያየርበት የጥሪ ወረቀት ከሆነ ግን በዩኒኮድ ፎንት እንደገና መተየብ ይሻላል፤ የዊንዶውሱ የአማርኛ ኪቦርድ ወይም ነጻው ኪይማን ለዚህ ይሆናል። ከተየባችሁ በኋላ የድሮውን ህትመት ጎን አስቀምጡና የመስመር አሰባበሩን አስተያዩ፤ የፎንቱ ስፋት ስለሚለያይ የሙሽራው አባት ስም ወደ ሁለተኛ መስመር ሊወርድ ይችላል።

አንድ ሙሉ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ ፕሌት ወይም እስከ ሪፕ በአዲሱ አሠራር አውጥታችሁ፣ በኤ4 አትማችሁ፣ አረብኛውን ለሚያነብ ሰው አሳይታችሁ ሳትጨርሱ የቆየውን ፕሮግራም አትንቀሉ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14፣ 2025 ስላበቃ፣ የድሮው ፕሮግራም የቀረበት ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ተነቅሎ፣ የደንበኛ ፍላሽ ሳይሰካበት፣ የድሮ ፋይል መክፈቻ ሆኖ ይቀመጥ።